ብሔራዊ የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድ ከትምህርት ቤት ሲደርስ ምን ይዘን እንጠብቀው?

ጠያቂ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በድሬዳዋ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምክትል ርዕሰ መምህርነት አገለግላለሁ። የትምህርት ቤታችንን የቀጣይ ሦስት ዓመት ስትራቴጂያዊ ዕቅድ በማዘጋጀት ላይ ነን፤ ቴክኖሎጂን የሚመለከተውን ክፍል የማርቀቁ ሥራ ለእኔ ተሰጥቷል። ከላይ የሚወርደው አቅጣጫ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂም ሆነ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቴክኖሎጂ በመማር ማስተማሩ ሥራ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ፣ ነገሩ ለትምህርት ቤቶች ከምኞትነት አልፎ ግዴታ ወደመሆን ተቃርቧል።

የእኔ ችግር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አገራዊው ሰነድ ስለ ሽፋንና ስለ ተደራሽነት በጥቅሉ ሲናገር፣ እኔ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ በየትኛው ክፍል፣ በማን ኃላፊነት፣ በየትኛው የበጀት ርዕስ የሚለውን መሙላት አለብኝ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንዳንዶች ለተወሰኑ ክፍሎች ስማርት ቦርድ (በንክኪ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እንዲገዛ፣ ሌሎች የኮምፒውተር ክፍሉ እንዲሰፋ፣ ጥቂቶች ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ማከማቻ ሰርቨር እንዲተከል ይፈልጋሉ። ወደ እኛ የሚመጡት ተማሪዎች የታችኛውን ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ተምረው፣ ኋላ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ወደ መማር የሚሸጋገሩ መሆናቸውንም መርሳት አይቻልም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ከሦስቱ የቱን ላስቀድም? ሁለተኛ፣ የእኛ አስተያየት ተጠቃልሎ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ አንድ ትምህርት ቤት ከብሔራዊ ዕቅድ አውጪው በጽሑፍ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ምንድን ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር (ሐረር)

የድሬ ልጅ ስለሆንክ «አንተ» ብዬ ብጽፍልህ እንደማትቀየመኝ አምናለሁ። ጥያቄህን ሳነብ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ፕላዝማ ነው። አገራችን በትምህርት ቴክኖሎጂ ረገድ በአገር አቀፍ ደረጃ አቅዳ፣ ገዝታ፣ እስከ ክፍል ግድግዳ ድረስ ያደረሰችው ትልቁ ሥራ እሱ በመሆኑ፣ የሌሎችን አገሮች ልምድ ከመቀላወጣችን በፊት የራሳችንን በወጉ ብንመረምረው ይሻላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ የተሰቀሉት ፕላዝማዎች፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ይቀበሉ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በዚህ መንገድ ተሰጥተዋል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህሉን ስክሪኑ ሲወስደው፣ ለመምህሩ የቀረችው መግቢያና መዝጊያ ብቻ ነበረች። ዛሬ ብዙ ሰው በፕላዝማ ይቀልዳል፤ እኔ ግን አልቀልድም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ የብርሃን መሰበርን፣ የሞገድን እንቅስቃሴ፣ የመግነጢስ መስክን በዓይን ማሳየት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ኤረር ያለ ተማሪም አዲስ አበባ ያለውም በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ማየታቸው ሐሳቡ ፍትሐዊ እንደነበር ያሳያል።

የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። ስክሪኑ ተማሪን አይጠብቅም ነበር። «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ብሎ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና መልሱን ራሱ ይናገራል፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሐረሪ ተምሮ የመጣው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጥያቄውን ገና ወደሚያውቀው ቋንቋ እየመለሰ ነው። መምህሩ ማስቆም አይችልም፣ መድገም አይችልም፣ መብራት በጠፋ ቀን ያመለጠው ትምህርት ደግሞ ማስታወሻ ሳይተው ያልፋል። ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው በገዛ ክፍሉ ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ ተጫኝ ሆነ። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ተከትለው ዝግጅታቸውን እርግፍ አድርገው ተዉት፤ ለማይናገርበት ትምህርት ማን ዝግጅት ይጽፋል?

ኡሩጓይ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረችው የእንግሊዝኛ ትምህርት ከእኛው ፕላዝማ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። እዚያም የእንግሊዝኛ መምህር እጥረት ነበረ፤ እዚያም ስክሪን ተሰቀለ። ሆኖም በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በቪዲዮ ተማሪዎቹን የሚያይና የሚሰማ እውነተኛ መምህር ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እሱ ያስተምራል፤ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ እንግሊዝኛ እምብዛም የማያውቀው የክፍሉ መምህር በተዘጋጀለት መምሪያ እየታገዘ ይመራል። ሁለቱ ሳምንቱን አብረው ያቅዳሉ። የመሣሪያው ዓይነት ብዙም አይለያይም፤ የተለየው መምህሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ማንኛውም አገራዊ ዕቅድ መምህሩ ትምህርቱን የማስቆም፣ የመዝለል፣ የመድገምና በሚያውቀው ቋንቋ የማብራራት ሥልጣን እንዳለው በግልጽ እንዲጽፍ ጠይቁ። ይህ ካልተጻፈ ስማርት ቦርድ ተባለ ታብሌት ውጤቱ ያው ነው።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልሂድ፤ ነገሩ የስሌት ጉዳይ ስለሆነ በቁጥር ብናየው ይሻላል።

አንድ ትምህርት ቤት 24 ክፍሎች፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ደግሞ 20 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲወስድ ብቻ 24ቱ ያልቃል። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ተማሪ ስለሚቀመጥ፣ ከ40 ደቂቃው ለአንድ ተማሪ እጅ የሚደርሰው 13 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እሱም ገብቶ ለመቀመጥና ኮምፒውተሩን ለማስነሳት የሚጠፋው ጊዜ ሳይቀነስ። አሥር ኮምፒውተር ብትጨምሩ 20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የሒሳብ መምህሩ ወይም የባዮሎጂ መምህርቷ ያንን ክፍል ለራሳቸው ትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ ብሎ በዕቅድ መጻፍ ከጊዜ ሰሌዳው ጋር መጣላት ነው።

ስማርት ቦርድን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አላስቀድመውም። አብዛኛውን ጥቅሙን አንድ ፕሮጀክተርና በነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ይሰጣሉ፤ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ሰርቨሩ ግን ዋጋው ዝቅተኛ፣ አገልግሎቱ ሰፊ ነው። ለምሳሌ ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ኢንተርኔት በሌለበት እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአንድ ተራ ኮምፒውተርና በአንድ ዋይፋይ ማሰራጫ በግቢው ውስጥ ላለ ሁሉ ቪዲዮ፣ መጽሐፍና መልመጃ ያደርሳል። ጉድለቱን አልደብቅም፦ አብሮት የሚመጣው ይዘት በአብዛኛው የእኛን ሥርዓተ ትምህርት ቅደም ተከተል አይከተልም፤ በመሆኑም በየትምህርት ክፍሉ መርጦ የሚያደራጅ፣ የራሱንም ማስታወሻ የሚጨምር መምህር ያስፈልጋል። ለዚያ መምህር የክፍለ ጊዜ ቅናሽ ካልተሰጠው ሰርቨሩ ባዶውን ይቀመጣል።

አሁን በዕቅድ ሰነዶች ላይ ተጽፎ አይቼው ወደማላውቀው ጉዳይ ልምጣ። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና በሞዴል 22 ተፈርሞ ለአንድ መምህር ይሰጣል። ከዚያች ፊርማ በኋላ የጠፋው ማውስ፣ የተሰበረው ስክሪን፣ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላይ የእሱ ዕዳ ነው፤ ሥራ ሲቀይርም ክሊራንስ የሚያስከለክለው እሱ ነው። በደመወዙ አንዱን ኮምፒውተር እንኳ መተካት የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ብዙ ሰው «መምህራን ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ያየሁት የሚፈሩት ዕዳውን ነው። በአገልግሎት ብዛት የሚበላሸውን ዕቃና በቸልተኝነት የሚጠፋውን የሚለይ፣ ለመጀመሪያውም ግለሰብን ተጠያቂ የማያደርግ መመሪያ ከፌዴራል እስከ ከተማ አስተዳደር ካልወጣ፣ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በተቆለፈ በር ጀርባ ያረጃል።

ሌላው የድሬዳዋ ጉዳይ ነው። የአገር አቀፍ ግዢ የቴክኒክ ዝርዝር ሲዘጋጅ ደጋማውን አገር አስቦ እንዳይሆን ጠይቁ። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ የአካባቢው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሌላ ከተማ አራት ዓመት የሚቆየው ባትሪ እዚህ ሁለቱን ዓመት በጭንቅ ይሞላል። የእኛ አቧራም ማቀዝቀዣ ማራገቢያውን ይደፍናል። የባትሪ መተኪያና የጽዳት ወጪ በየዓመቱ ካልተያዘ፣ የሚሞተው ኮምፒውተሩ ራሱ ይሆናል።

መልስ፦ ወላጅ (ገንደ ቆሬ)

መምህር፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፉ በበቂ ሁኔታ ስላልደረሰ ልጆቻችን በቴሌግራም በሚላክ ፒዲኤፍ እንደሚያጠኑ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ ቤት ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፤ ቀኑን ከአባቷ ጋር ውሎ ማታ ይመጣል፣ እሷም ከወንድሟ ጋር ትሻማበታለች። ሰርቨሩ ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ስልክ ይዞ ለሚመጣ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ያለው ላይ መጨመር ነው። ስልክ የሌላቸው የሚጠቀሙባቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች በቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ሰዓቱም ይታሰብበት። ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት ክፍት ነው ቢባል ለወንዶቹ ይጠቅም ይሆናል፤ ሴት ልጄን ግን ከመሸ በኋላ ብቻዋን እንድትመለስ አልፈቅድም፣ የሰፈሬ እናቶችም አይፈቅዱም። በፈረቃው መካከል ያለው የቀትር ሰዓት ቢመደብላቸው መልካም ነው።

ጠያቂው፦ ምክትል ርዕሰ መምህር (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት የመምህሩ ሥልጣን ጉዳይ እንዳለ ወደ ረቂቁ ገብቷል። የሞዴል 22ን ጉዳይ ደግሞ ለንብረት ክፍላችን ሳነሳ ለካ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን በጽሑፍ ያላቀረበው ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስጨንቀኛል። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ወላጅም ተማሪም ከእኔ የሚጠብቁት የኮምፒውተር ብዛት ነው። ሰርቨርና ፕሮጀክተር ብዬ ብቀርብ «ልጆቻችን ማውስ ሳይነኩ ለፈተና ሊቀመጡ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አልጠራጠርም። ከዚህም ሌላ፣ በጀቱን የሚይዝልን ማን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አቅቶኛል፤ ሚኒስቴሩ ያቅዳል፣ የከተማው አስተዳደር በጀት ይመድባል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በድጎማው ገንዘብ ጠመኔና ወረቀት ይገዛል።

መልስ፦ በትምህርት ዕቅድ ሥራ የቆየ (ሐረር)

የጠያቂው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የጉዳዩ ዋና ማሰሪያ ነው። በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ብሔራዊ ዕቅድ የሚያወጣው አካልና ወጪውን የሚሸከመው አካል የተለያዩ ናቸው፤ ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ትምህርት በዋናነት የየግዛቱ ኃላፊነት በመሆኑ፣ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጊዜው ሲያወጣው የቆየው ብሔራዊ የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድ ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። በተግባር ትምህርት ቤቶችን ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘው ሰነዱ ብቻውን ሳይሆን፣ በዚያው ዓመት በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት የተቋቋመው ኢ-ሬት የተባለው ሥርዓት ነው። ከቴሌኮም ኩባንያዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የአገልግሎት ክፍያ ከ20 እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ያደርጋል፤ የቅናሹ መጠን የሚወሰነውም በተማሪዎቹ የድህነት መጠንና ትምህርት ቤቱ በገጠር በመገኘቱ ነው። ልብ በሉ፣ ቅናሹ በዋናነት በየዓመቱ ለሚከፈል አገልግሎት ነው፤ የአንድ ጊዜ ስጦታ አይደለም።

የ2024ቱ የአሜሪካ ዕቅድ ደግሞ ልዩነትን በሦስት ይከፍለዋል፦ መሣሪያና ግንኙነት በማግኘት፣ መምህራን ትምህርቱን በቴክኖሎጂ ለመንደፍ ባላቸው ጊዜና ችሎታ፣ እንዲሁም ተማሪዎች መሣሪያውን ለመፍጠርና ለመመራመር ወይስ ዝም ብለው ለመመልከት ይጠቀሙበታል በሚለው። የእኛ ዕቅዶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ይቆማሉ። ሪፖርት ማድረግ የሚመቸው እሱ ነው፤ ኮምፒውተር ይቆጠራል፣ የመምህር የዝግጅት ሰዓት ግን የሚቆጥርለት ቅጽ የለውም።

መሣሪያ ማከፋፈል ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ፔሩ በግልጽ አሳይታለች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ለተማሪዎች ካደለች በኋላ፣ የኢንተር-አሜሪካ ልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያካሄደው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ኬንያም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታብሌቶችን ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አድርሳለች፤ ስለዚህ «አገር ድሃ ስለሆነ መግዛት አይቻልም» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። መግዛት ይቻላል፤ ከባዱ ማቆየት ነው።

ለረቂቁ የምመክረው ይህ ነው። የሚጠየቀው ዕቃ ሁሉ በሁለት የበጀት ርዕስ ይቅረብ፤ አንደኛው የካፒታል (የግዢው ወጪ)፣ ሁለተኛው የመደበኛ (በየዓመቱ የሚደጋገመው ወጪ)። በአንድ ሚሊዮን ብር የሚገዛና አምስት ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በየዓመቱ 200,000 ብር የመተኪያ ወጪ እንዳለው፣ ከዚያም በላይ ጥገና፣ መብራትና ባትሪ እንዳለ ተጽፎ ይቅረብ። የመደበኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ያልተፈረመበት ዕቃ በስጦታም ቢመጣ ለመቀበል አለመቸኮል ይሻላል። የአብዛኛው ትምህርት ቤት መደበኛ በጀት በደመወዝ እንደሚያልቅ ስለማውቅ ይህ ቀላል ጥያቄ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከታች ካልመጣ ከላይ ያለው ዕቅድ አውጪ ከየትም አያገኘውም።

ስለ ኢንተርኔቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ቀድሞ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው። ሁለት አቅራቢ ባለበት ከተማ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየብቻ ጥቅል ከሚገዛ፣ የከተማው ትምህርት ቤቶች በአንድነት ዋጋ ቢጠይቁ የመደራደር አቅም ይኖራቸዋል።

የቋንቋውን ጉዳይ በተመለከተ ሐረር ሆኜ ዝም ማለት አልችልም። እንግሊዝኛ ይዘት ሞልቷል፤ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ብዙ በመሆኑ ዘግይቶም ቢሆን አዘጋጅ አይጠፋለትም። በሐረሪ ቋንቋ የሚማሩ ሕፃናት ግን ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ገበያ መቼም አያዘጋጅላቸውም። ይህን መሙላት ያለበት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ብሔራዊ ዕቅድም የሚያስፈልገው በተለይ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል። ድሬዳዋ በሶማልኛ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶቿ ከሶማሌ ክልል ጋር በጋራ ይዘት ብታዘጋጅ ወጪው ይቀንስላታል፤ ይህንንም በአስተያየታችሁ አካትቱት።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

የፈተናው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የፈተናው ጥያቄዎች ባለ ምርጫ በመሆናቸው ተማሪው ፈጥኖ መተየብ አይጠበቅበትም፤ ማውስ መያዝ፣ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ መሄድ፣ የዘለለውን ተመልሶ ማግኘት፣ በእንግሊዝኛው ፈተና ላይ ደግሞ ረጅም ምንባብ በስክሪን ላይ እየሳበ ማንበብ ከቻለ ይበቃዋል። ይህ ጥቂት የልምምድ ክፍለ ጊዜ እንጂ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ቅድሚያ ለ12ኛ ክፍል ይሰጥና በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት፣ ከሳምንቱ 35 ክፍለ ጊዜ ከሚተርፉት 11 ክፍለ ጊዜዎች ላይ ይያዝላቸው። የሞዴል ፈተናችሁን ራሱን በሰርቨሩ ላይ ጭናችሁ በተራ ብትሰጡት፣ ልምምዱና ፈተናው በአንድ ይጠናቀቃል፤ መምህራኑም የትኛውን ጥያቄ ስንት ተማሪ እንደሳተ በዚያው ቀን ያያሉ፤ ለማካካሻ ትምህርት ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ለወላጆች ስብሰባም ይህንኑ ሰሌዳ ይዛችሁ ቅረቡ። መብራት ከጠፋ የተሠራው መልስ እንዳይጠፋ ሰርቨሩና ዋይፋይ ማሰራጫው ብቻ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ለሃያ ኮምፒውተር ዩፒኤስ መግዛት በእኛ ሙቀት አያዋጣም።